የሐጅ ሻንጣችን ለምን ከበደ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የሐጅ ወቅት በተቃረበ ቁጥር በከተማችን ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የገበያው ሩጫ ነው። በመርካቶ፣ በተለይም በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ባሉት ሱቆች፣ ለሐጅ የሚነሱ አባቶችና እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ሆነው ሲገዙ ይውላሉ። ኢሕራም አራት፣ ጀለቢያ ስድስት፣ ሽርጥ፣ ኮፍያ፣ ለእናት ደግሞ ነጭ ጅልባብ ከነሙሉ ልብሱ፣ ሁሉን የሚይዝ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ። ዕቃው ቤት ሲደርስ ጎረቤት ይመጣና «ይህንንም ያዙ፣ እዚያ አይገኝም» ይላል። የመነሻው ዕለት ሲመጣ ዕድሜያቸው ሰባ የሞላ እናት፣ ራሳቸው ከመሬት ሊያነሱት የማይችሉትን ሻንጣ ይዘው ይሰለፋሉ። ያ ሻንጣ ከአዲስ አበባ እስከ መካ የሌላ ሰው ትከሻ ይፈልጋል ማለት ነው።

ታዲያ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ለብሶ አላህ ፊት ለመቆም የሚደረግ ጉዞ ይህን ሁሉ ልብስ ለምን ጠየቀ?

ከወዲሁ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። ብዙ ልብስ መያዝ ሐራም ነው የሚል ሰው የለም፤ አላህ ሐላል ያደረገውን ጌጥና ልብስ ሐራም ማድረግ የማንም ሥልጣን አይደለም። ነገሩ ሌላ ነው። ጓዝ ሲበዛ ልብን ይይዛል፣ ጊዜን ይበላል፣ ወንድምን ያስቸግራል። ወደ ኋላ እንደምናየው የሰው ሕይወት ያለፈበት ጊዜም አለ።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዴት ተጓዙ?

ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ የመሰናበቻውን ሐጅ ሲያደርጉ የዐረቢያ ምድር በእጃቸው ነበረች። ቢፈልጉ ጓዝ የሚጭን የግመል ቅፍለት ማስከተል አያቅታቸውም ነበር። ነገር ግን አነስ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡትና ቡኻሪ እንዳሰፈሩት፣ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) የተቀመጡባት ግመል ራሷ ጓዛቸውንም የተሸከመች ነበረች። ለሰው አንድ፣ ለዕቃ አንድ የሚባል ነገር አልነበረም። አነስ (ረ.ዐ.) ራሳቸውም ሐጅ ያደረጉት በዚያው ሁኔታ ነው። ዘጋቢው ታዲያ እኚህ ሰው ይህን ያደረጉት ንፉግ ሆነው እንዳልነበረ አክሎ ይናገራል። ይህች ጭማሪ ትልቅ ትምህርት አላት። በዚያም ዘመን ቢሆን ጓዙን ያቀለለ ሰው «ገንዘብ ሰስቶ ነው» የሚባልበት ዓይን ነበር ማለት ነው! ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) በአሮጌ ኮርቻ ላይ ተቀምጠው፣ አራት ዲርሃም ብታወጣ ነው በምትባል ጨርቅ ላይ ሆነው፣ ይዩልኝና ይስሙልኝ የሌለበት ሐጅ እንዲሆንላቸው አላህን መለመናቸው ተወስቷል።

በሌላ በኩል ባዶ እጅ መሄድም ዲን አይደለም። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) እንዳወሱት የየመን ሰዎች «እኛ በአላህ የተመካን ነን» እያሉ ያለ ስንቅ ለሐጅ ይመጡና መካ ሲደርሱ ሰውን ይለምኑ ነበር። በዚህም ምክንያት ስንቅ መያዝን የሚያዘው፣ ከስንቅ ሁሉ የሚበልጠውም ተቅዋ መሆኑን የሚያስታውሰው የሱረቱል በቀራ አንቀጽ ወረደ። እንግዲህ ልኩ በሁለቱ መካከል ነው። ሰውን የማያስለምን፣ ሰውንም የማያሸክም።

ስለ ልብስ ከተነሳ ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይርን (ረ.ዐ.) ሳያነሱ ማለፍ ይከብዳል። መካ ውስጥ በአለባበሳቸውና በሽቷቸው የታወቁ የባለጸጋ ልጅ ነበሩ። እስልምናን ከተቀበሉ በኋላ ያን ምቾት ጥለው ወደ ሀገራችን ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከል ሆኑ። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ ሲሰዉ ለከፈን የተገኘችው አንዲት ጨርቅ ብቻ ነበረች። ራሳቸው ሲሸፈን እግራቸው ይታያል፣ እግራቸው ሲሸፈን ራሳቸው ይገለጣል። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትእዛዝ ራሳቸው በጨርቋ ተሸፈነ፣ እግራቸው ላይ ኢዝኺር የሚባለው ሣር ተደረገ። በስደት ወደዚህች ምድር መጥተው ከነበሩት ሰዎች የአንዱ የመጨረሻ ልብስ ይኸው ነበር።

ኢሕራም ምን ይጠይቃል?

የወንድ ኢሕራም ሁለት ጨርቅ ነው። አንዱ ከወገብ በታች ይታጠቃል (ኢዛር)፣ ሌላው ከትከሻ ይደረባል (ሪዳእ)። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ኢሕራም ያደረገ ሰው ቀሚስ፣ ጥምጣም፣ ሱሪ፣ ቆብ ያለው ካባና የቆዳ ካልሲ እንዳይለብስ፣ ሽቶ የነካውንም ልብስ እንዳያደርግ ተከልክሏል። የውስጥ ሱሪም ከዚሁ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ብዙ ወንድሞች የሚሳሳቱት «የተሰፋ» በሚለው ቃል ነው። ፉቀሃዎች «መኺጥ» ሲሉ በሰውነት ቅርጽ ተቆርጦ የተሠራውን፣ እጅጌና እግር ያለውን ልብስ ማለታቸው እንጂ ክር የነካውን ጨርቅ ሁሉ ማለታቸው አይደለም። ስለዚህ ሸማኔ የሠራው ነጠላ፣ ኩታ ወይም ጋቢ፣ መሐሉ በስፌት የተጋጠመ ቢሆንም እንኳ፣ ለኢሕራም ያገለግላል። ከውጭ የሚመጣው «የሐጅ ፎጣ» የኢሕራም ሸርጥ አይደለም። እንዲያውም ያ ወፍራም ፎጣ መሰል ጨርቅ ላብ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ታጥቦም ቶሎ አይደርቅም። ቀጭን የጥጥ ጨርቅ ይሻላል፤ ገላ የማያሳይ መሆኑ ግን ይጣራ።

ለመሆኑ ኢሕራም ስንት ቀን ይለበሳል? አብዛኞቹ የእኛ ሰዎች እንደሚያደርጉት በተመቱዕ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ለዑምራ ይለብሳል፤ ጠዋፉንና ሰዕዩን ፈጽሞ ፀጉሩን ካሳጠረ በኋላ ያወልቀዋል። ከዚያ በዙልሒጃ 8ኛው ቀን ለሐጁ እንደገና ይለብስና 10ኛው ቀን ጀምራውን ወርውሮ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ ያወልቃል። ሁሉም ተደምሮ ሦስትና አራት ቀን ቢሆን ነው። ኢሕራም ሲቆሽሽ ማጠብም መቀየርም ይፈቀዳል። ታዲያ አራት ጥንድ ኢሕራም የሚታጨቀው ለምንድነው? ሁለት ጥንድ ይበቃል። አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበሳል፤ በመካ ሙቀት ደግሞ ማታ ታጥቦ የተሰጣ ቀጭን ጨርቅ ጠዋት ደርቆ ይገኛል።

ለቀሩት ሳምንታት ወንድ ልጅ ሦስት ቅያሬ ይብቃው። ጀለቢያ የለመደ ጀለቢያ፣ ሱሪና ሸሚዝ የለመደም ያንኑ። ሐጅ ላይ ሁሉም ሰው ጀለቢያ መልበስ አለበት የሚል ድንጋጌ የለም፤ ዕድሜውን ሙሉ በሱሪ የኖረ ሰው ለዚህ ጉዞ ብሎ ስድስት ጀለቢያ ሲገዛ ማየት ያስገርማል። የውስጥ ልብስ አምስት፣ ለመኝታ አንድ ሽርጥ፣ ጋቢ አንድ። ጋቢዋ ትልቅ አገልግሎት አላት። ሙዝደሊፋ ላይ ሌሊቱ የሚያልፈው ሜዳ ላይ ስለሆነ ትነጠፋለች፤ ማቀዝቀዣው በሚያንቀጠቅጠው የሆቴል ክፍል ትለበሳለች። ነጠላ ጫማ ግን ሁለት ጥንድ ይያዝ። ምክንያቱን በሐረም በር ላይ ጫማው የጠፋበት ሁሉ ያውቀዋል። ጫማ መያዣ ትንሽ የጨርቅ ከረጢትም አትርሱ።

ሙቀቱን በተመለከተ ቀልድ የለም። በ2016 ዓ.ም. (1445 ሂጅራ) ሐጅ ሰኔ 10 ቀን መካ ላይ የተመዘገበው ሙቀት 51.8 ዲግሪ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት በኋላ እንዳስታወቀው በዚያ ሐጅ 1,301 ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ልብስ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ያምራል ወይ?» ሳይሆን «ላብ ያሳልፋል ወይ?» መሆን አለበት። የናይለን ዘር የሆነው አንጸባራቂ ጨርቅ እቤት ይቅር። ወንድ በኢሕራም ላይ ሳለ ራሱን በኮፍያም ሆነ በጥምጣም መሸፈን ባይፈቀድለትም ጃንጥላ መያዝ ይችላል፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጀምራ ሲወረውሩ ከባልደረቦቻቸው አንዱ ከፀሐይ በጨርቅ ሲያጠሏቸው እንደነበር ሙስሊም ዘግበዋል። ወፈር ያሉ ሰዎች ደግሞ ብዙ በመራመድ ጭናቸው ይላጣል፤ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ትንሽ ብልቃጥ ከሦስት ጀለቢያ የበለጠ ይጠቅማቸዋል። ሳሙናውም ሽታ የሌለው ይሁን።

እህቶችን በተመለከተ

ለሴት ልጅ የተለየ የኢሕራም ልብስ የለም። ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በየዓመቱ እናቶቻችን «የሐጅ ልብስ» እየተባለ በሚሸጥላቸው ነጭ ልብስ ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። ነጭ መሆኑ ግዴታ አይደለም፣ ሱናም ነው ተብሎ ለሴት አልተነገረም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በኢሕራም ላይ ሳሉ ቀለም የተነከረ ልብስ ለብሰው እንደነበር ተዘግቧል። ሸሪዓው የጠየቀው ገላን የሚሸፍን፣ የማያሳይ፣ የማያጣብቅ ልብስ ነው። እሱ ደግሞ ሙስሊም እናት ዘወትር የምትለብሰው ነው። በኢሕራም ጊዜ ኒቃብና ጓንት አይደረግም፤ ባዕድ ወንዶች ሲያልፉ ግን ከራስ ላይ ጨርቅ ወደ ፊት ዝቅ ማድረግ ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተላልፏል።

ስለዚህ አራት ቅያሬ ቀሚስ፣ አራት ሒጃብ፣ ሰፋ ያለ አንድ ጅልባብ፣ የውስጥ ልብስ ከወንዶቹ በዛ ብሎ፣ ካልሲና ምቹ ጫማ ይበቃል። ጫማ ለሴት ሽፍንም ቢሆን ይፈቀዳል። የወር አበባ የሚያዩ እህቶች የንጽሕና ዕቃቸውን ከዚሁ ይዘው ይሂዱ፤ ጉዳዩ የሚያሳፍር አይደለም። በመሰናበቻው ሐጅ መንገድ ላይ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ራሳቸው ይህ ገጥሟቸው አልቅሰዋል፤ ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አጽናንተዋቸው ከጠዋፍ በስተቀር ሐጅ አድራጊ የሚሠራውን ሁሉ እንዲሠሩ ነግረዋቸዋል።

ኢሕራሙ የት ይቀመጥ?

አሁን ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ወደሚጠይቀው ነጥብ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ጅዳ ያለው በረራ ከሁለት ሰዓት ብዙም አይርቅም፣ ሚቃቱም የሚታለፈው አየር ላይ ነው። ኢሕራሙን በትልቁ ሻንጣ አስሮ ለአውሮፕላኑ ሆድ ያስረከበ ሰው አየር ላይ ሳለ ምን ያደርጋል? «ጅዳ ደርሼ እለብሳለሁ» ብሎ ያለ ኢሕራም ሚቃቱን ቢያልፍ ብዙ ዑለማዎች በግ ማረድ አለበት ይላሉ። ስለዚህ ከቤት ገላን ታጥቦ፣ ኢሕራሙን ለብሶ ወይም በእጅ ቦርሳ ይዞ መነሳት ይገባል። ልብሱ ቀድሞ ይለበሳል፤ ኒያውና ተልቢያው ሚቃት ሲደረስ ይሆናል። መጀመሪያ ወደ መዲና የሚያርፍ ሰው ግን ይህ ጭንቀት የለበትም፤ ሚቃቱ ከመዲና ሲወጣ የሚያገኘው ዙልሑለይፋ ነው።

ሆኖም ሰው ነውና ረስቶ ኢሕራሙን ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጠ ቢኖርስ? መፍትሔ አለው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ ኢዛር ያጣ ሰው ሱሪ እንዲለብስ ተፈቅዷል። ስለዚህ ሚቃቱ ሲነገር ሱሪውን እንደለበሰ ሸሚዙንና ኮፍያውን ያወልቃል፤ ጋቢ ወይም ነጠላ ካለው ይደርባል፣ ከሌለው ሸሚዙን ሳይለብሰው ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፤ ኒያ ያደርጋል። ጅዳ ላይ ሻንጣው ሲወጣ ሱሪውን ቀይሮ ኢዛሩን ይታጠቃል። ይህን ያወቀ ሰው አይደናገጥም።

ወደ ሚና ሲኬድ ትልቁን ሻንጣ መካ ማደሪያ ውስጥ ትቶ መሄድ ነው። በሚና ድንኳን ውስጥ የአንድ ሰው ቦታ ከፍራሽ ስፋት ብዙም አይበልጥም፤ አንዱ ሻንጣ ሲያስገባ ሌላው እግሩን ማጠፍ ግድ ይሆንበታል። በትከሻ የሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ለ10ኛው ቀንና ከዚያ በኋላ የሚለበስ አንድ ቅያሬ፣ የውስጥ ልብስ፣ መድኃኒት፣ ጋቢ፤ በቃ። ከሙዝደሊፋ ወደ ጀመራት በእግር መሄድ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ልጅ አጠገብ የለም፣ ተሸካሚም የለም።

የጓዝ ነገር እንዲህ የሚያስጨንቀን በከንቱ አይደለም። ጥር 4 ቀን 1998 ዓ.ም. (ዙልሒጃ 12 ቀን 1426) በጀመራት ድልድይ መግቢያ ላይ በደረሰው መረጋገጥ ከ340 በላይ ሑጃጆች ሞቱ። የሳዑዲ ባለሥልጣናት በወቅቱ እንደገለጹት መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሰዎች ይዘውት የመጡት ጓዝ ነበር። ቀኑ ብዙዎች ወርውረው በቀጥታ ወደ መካ የሚመለሱበት ቀን በመሆኑ ዕቃቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ጓዙ መሬት ላይ ሲወድቅ ከኋላ የሚመጣው ሰው እየተደናቀፈ ወደቀ፣ በላዩም ሌላው ወደቀበት። ድልድዩ ከዚያ በኋላ ፈርሶ ባለ ብዙ ፎቅ ሆኖ ተሠርቷል። ለእነዚያ ወንድሞችና እህቶች አላህ ይማራቸው። አንድ ሻንጣ ልብስ ለባለቤቱ ሸክም ብቻ ሆኖ እንደማይቀር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

የአደራ ዕቃ

ከራሳችን ልብስ ሌላ ሻንጣውን የሚሞላው አደራ ነው። በጅዳና በሪያድ የሚሠሩ ብዙ ልጆች አሉን፤ ቤተሰብ ደግሞ ሐጅ የሚሄድ ሰው ሲያገኝ ቀሚስና ነጠላ አሽጎ «ለልጄ አድርሱልኝ» ይላል። አንጀት የሚበላ ልመና ነው፣ እምቢ ማለትም ያስቸግራል። ነገር ግን የታሸገ፣ ዳር ዳሩ የተሰፋ ጥቅል ፈትቶ ሳያዩ መቀበል ራስን ለአደጋ መስጠት ነው። በሳዑዲ ጫት በሕግ የተከለከለ ነው፤ የሌሎቹ አደንዛዥ ዕፆች ቅጣት ደግሞ እስከ ሞት ይደርሳል። በልብስ መሐል ምን እንደተጠቀለለ የማያውቁ አዛውንት ጉምሩክ ላይ «የሰው ነው» ቢሉ ማን ይሰማቸዋል? የሚቀበል ሰው በላኪው ፊት ፈትቶ፣ አራግፎ፣ ራሱ መልሶ ይጠቅልለው። ላኪውም አይቀየም።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር እንበል። ሐጅ ግዴታ የሚሆነው በቻለ ላይ ነው፤ ችሎታውም ዕዳን ከፍሎ፣ ለቤተሰብ ቀለብ ትቶ ከሚተርፈው ይታያል። ለጉዞው ከበቃ በኋላ ለልብስና ለመመለሻ ስጦታ ብሎ የሚበደር ሰው ግን እናውቃለን። «ሐጅ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ» እንዳይባል ነው። ከመካ የሚመጣው ጀለቢያና መስገጃ ብዙው በቻይናና በሌሎች አገሮች የተሠራ፣ እዚሁ መርካቶም የሚሸጥ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጎረቤት ከሐጅ ተመላሽ የሚፈልገው ዱዓና ዘምዘም ከሆነ ዘምዘሙ 5 ሊትር ይበቃል። ቀሚስ ካልመጣ የሚያኮርፍ ዘመድ ካለ ደግሞ ችግሩ ከሻንጣው አይደለም።

በመጨረሻ ብዙ ጊዜ ስለሚጠየቅ ጉዳይ። አንዳንድ ሰዎች ለራሳቸውና ለወላጆቻቸው ከፈን የሚሆን ተጨማሪ ኢሕራም ሦስትና አራት ጥንድ ይዘው ሄደው በዘምዘም አጥበው ይመለሳሉ። ከፈንን በሕይወት ሳሉ ማዘጋጀት ችግር የለውም፤ አንድ ባልደረባ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተሰጠችውን ኩታ ለከፈኑ ብሎ ለምኖ ተሰጥቶት፣ ሲሞትም በእርሷ መከፈኑን ቡኻሪ ዘግበዋል። በኢሕራም ጨርቁ እንዲከፈን የታዘዘው ግን ዐረፋ ላይ ከግመሉ ወድቆ እዚያው በኢሕራሙ ላይ ሳለ የሞተው ሰው ነው። አገሩ ተመልሶ የሞተ ሰው በማንኛውም ንጹሕ ጨርቅ ቢከፈን የጎደለበት ነገር የለም፤ ጨርቁን በዘምዘም ማጠብ የተለየ ምንዳ እንዳለው የሚያሳይ ትክክለኛ ማስረጃም አልመጣም። ከፈኑን ማዘጋጀት የፈለገ ሰው ሐጅ ያደረገበትን ያንኑ ኢሕራም አጥቦ ያስቀምጥ። ሌላ ጥንድ መሸከም አያስፈልገውም። ወላሁ አዕለም።